እናቴና ፀጉር አልባዋ ድመቴ

ጥያቄ፦

ይድረስ ለምክር ዓምድ። የምጽፈው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፤ እናቴም ልታርሰኝ ከደሴ መጥታለች። ችግሬ ድመቴ ናት። ስፊንክስ ከሚባለው ዘር ነች። ፀጉር የላትም፣ ቆዳዋ የተሸበሸበ ነው፣ ጆሮዎቿ እንደ ሌሊት ወፍ ትልልቅ ናቸው። ስትዳሰስ የኮክ ፍሬ ስለምትመስል ስሟን ኮክ ብለናታል። አራት ዓመት አብራኝ ኖራለች፤ እንደ እርሷ ሰው የምትወድ እንስሳ አላውቅም።

እናቴ ግን ገና ከበር ስትገባ አየቻትና «ይህ ደግሞ ምን ጉድ ነው?» ብላ አማተበች። ኮክ ደግሞ ከቤቱ ሰው ሁሉ መርጣ የምትከተለው እናቴን ነው። አንድ ሌሊት ጋቢዋ ውስጥ ገብታ ተኝታ ስታገኛት እናቴ ጮኸች። ባለፈው እሑድ ጠበል ረጨችባት፤ ድመቷ እየጮኸች ሶፋ ሥር ስትገባ «አላልኳችሁም?» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሯን ቆልፋ ታድራለች። ዳላስ ያለችው እህቴ «ለሰው ስጫትና በምትኳ የአቢሲኒያ ድመት ውሰጂ፤ መልኳ ያምራል፣ ረጋ ያለች ትመስላለች፣ ስሟም የአገራችን ነው» ትለኛለች። ባለቤቴ ኮክ ከዚህ ቤት አትወጣም ብሏል። እኔ በመካከላቸው ሆኜ አለቅሳለሁ። ድመቷን ልስጣት ወይስ እናቴን ላስቀይማት?

መልስ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እንኳን ማርያም ማረችሽ። ልጅሽን ያሳድግልሽ።

ድመቷን አትስጪ፤ እናትሽንም አታስቀይሚ። ይህን ስል ጭንቀትሽን አቅልዬ አይቼው አይደለም። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው የታየኝ ነገር፣ እናትሽ እስካሁን ከኮክ ጋር እንዳልተዋወቁ ነው። የተዋወቁት ከቆዳዋ ጋር ብቻ ነው። መተዋወቁ ደግሞ ገና ሊደረስበት የሚችል ነገር ነው።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በወለድሽ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሆድ መባባቱ የተለመደ ነው። ሦስተኛው ሳምንት አልፎም የምታለቅሺ ከሆነ ግን፣ ምክንያቱ ድመቷ ብትመስልሽም እንኳ ለሐኪምሽ ንገሪ። ለነገ አታሳድሪው።

አሁን እናትሽ ያደጉበትን ቤት አስቢ። በእኛ አገር ድመት የምትያዘው አይጥን ከእህል እንድታርቅ ነው። ቀን ፀሐይ ትሞቃለች፣ ማታ ምድጃ ዳር ትተኛለች፣ በተረፈ የራሷን ኑሮ ትኖራለች። አልጋ ላይ አትወጣም፤ ከሰው ጋቢ ውስጥም አትገባም። ፀጉሯ የረገፈ ድመት ከታየች ደግሞ ሁሉም ሰው የሚያውቀው አንድ ምክንያት አለ፤ እከክ ይዟታል። ፀጉሩ የተመለጠ ውሻ፣ ጀርባው የተላጠ አህያ፣ ላባዋ የረገፈ ዶሮ፣ እነዚህ ሁሉ በእናትሽ የዕድሜ ልክ ልምድ የበሽታ ምልክት ናቸው፤ ልምዳቸውም ትክክል ነው። እከክ ከእንስሳ ወደ ሰው ሊጋባ ይችላል። እንግዲህ እኒህ እናት ውቅያኖስ አቋርጠው፣ የልጅ ልጃቸውን ሊያቅፉ ጓጉተው ከበር ሲገቡ፣ ፀጉር የሌላትና ግንባሯ የተሸበሸበ እንስሳ ከአራስ ቤት ስትወጣ አዩ። ምን ቢሉ ደስ ይልሽ ነበር? ያማተቡት ለልጅሽ ሰግተው ነው። ይህን አስቀድመሽ ካልተቀበልሽ፣ ከዚህ በታች የምጽፍልሽን ሁሉ እናትሽን ለመርታት ትጠቀሚበታለሽ፤ እኔም ለዚያ ብዬ አልጽፍልሽም።

የኮክን ወገን ደግሞ እንመልከት።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ካናዳ ውስጥ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ አንዲት ተራ የቤት ድመት ፀጉር አልባ ግልገል ወለደች። ፕሩን ተብሎ ስም ወጣለት። የእርሱ ዘር ብዙ ሳይዘልቅ ቀረ፤ ዛሬ ያሉት ስፊንክሶች በአብዛኛው የመጡት በ1970ዎቹ በአሜሪካዋ ሚኒሶታና እንደገና በቶሮንቶ ከተገኙ ሌሎች ፀጉር አልባ ድመቶች ነው። ስማቸው የጊዛውን ሐውልት ያስታውሳል እንጂ ከግብፅ ጋር የሚያገናኛቸው ዝምድና የለም። ፀጉር ያሳጣቸው በአንድ ዘረ መል ላይ በራሱ ጊዜ የደረሰ ለውጥ ነው። ያ ዘረ መል የፀጉር ሥር ከሚሠራባቸው ፕሮቲኖች አንዱን የሚያዝ ነው። ስፊንክስም ፀጉር ያበቅላል፤ ፀጉሩ ግን ደካማ ስለሆነ ይሰበራል፣ ይረግፋል። የሚቀረው ስስ ለስላሳ ፀጉር ነው ኮክ የሚለውን ስም ያሰጣት።

ሽብሽቡም ቢሆን እንደሚመስለው እንግዳ ነገር አይደለም። የድመት ቆዳ በተፈጥሮው የላላ ነው፤ በሌሎቹ ላይ ፀጉር ሸፍኖት ነው የማይታየን። እኛ ሰዎች ግን የተቋጠረ ግንባር ስናይ ቁጣ ነው የምናነበው። የኮክ ግንባር ተኝታም፣ ጠግባም፣ ተደስታም የተቋጠረ ነው። በዚያ ላይ ጢሟ የለም ማለት ይቻላል፤ ፊቷን የሚያለዝበው ፀጉርም የለም። ስለዚህ ዓይኖቿ ከሚገባው በላይ ፈጠው ይታያሉ። እናትሽ ያዩት ይህንን ነው። ድመት ስሜቷን የምትናገረው ግን በግንባሯ አይደለም፤ በጆሮዋና በጅራቷ ነው። ጆሮዋ ወደ ኋላ ተጣጥፎ ከተለጠፈ ፈርታለች ወይም ተቆጥታለች። ጅራቷን ቀጥ አድርጋ አቁማ ወደ ሰው ከመጣች ሰላምታ መስጠቷ ነው። ለእናትሽ ይህችን ብቻ አሳዪያቸው። ኮክ ወደ እርሳቸው ስትሄድ ጅራቷ የት እንዳለ ይመልከቱ።

ለምን እርሳቸውን መርጣ እንደምትከተል ደግሞ ልንገርሽ፤ ይህ ከደብዳቤሽ ሁሉ ልቤን የነካው ቦታ ነው። የድመት ሰውነት ሙቀት ከእኛ ይበልጣል፤ ጤነኛ ድመት 38 እና 39 ዲግሪ አካባቢ ናት። ፀጉር ያላት ድመት ያንን ሙቀት ውስጧ ይዛ ታቆያለች፤ ኮክ ግን ልብስ እንደሌለው ሰው ሙቀቷ በየደቂቃው ይወጣባታል። ከሌሎች ድመቶች የበለጠ የምትበላውም፣ ቀኑን ሙሉ የሚሞቅ ቦታ ስትፈልግ የምትውለውም ለዚህ ነው። በሜሪላንድ ቤትሽ ውስጥ እጅግ የሞቀው ነገር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ከደሴ የመጣው ጋቢ ነው። እናትሽም ድመቷን አትኩረው አያዩዋትም፤ ፊታቸውን ያዞራሉ። በድመት ዘንድ አትኩሮ ማየት ማስፈራራት ነው፤ ዓይንን ማንሳት ደግሞ ጨዋነት ነው። እርሳቸው በፍርሃት ያደረጉትን እርሷ በአክብሮት ተቀብላዋለች።

ስለ ጠበሉም አንድ ቃል ልበል። እኔም በጠበል የማምን ሰው ነኝ፤ እናትሽ ያደረጉትን አልነቅፍም። ነገር ግን ቀዝቃዛ ውሃ ፀጉር በሌለው ገላ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሰማ አስቢ። በወሎ ደጋ ውርጭ ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ አስረጂ አያስፈልገውም። ኮክ የሮጠችው በርዷት ነው። ይህን ስትነግሪያቸው በክርክር ቃና እንዳይሆን፤ «እማ፣ እኮ በርዷት ነው» ብለሽ፣ እንደዋዛ፣ ቡና እየፈላ ሳለ።

አባቶቻችን «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ሲሉ ልብስ አመልን እንደማይለውጥ መናገራቸው ነበር። ቆብ ብታጠልቅም ድመት ናት። እንግዲያው ልብሷን ብታወልቅም ያው ድመት ናት ማለት ነው።

መልክ ሰውን ያሳሳተው በኮክ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በኢንተርኔት ዓለምን ያዳረሰች፣ «ኩርፊያማዋ ድመት» ተብላ የታወቀች የአሪዞና ድመት ነበረች። አፏ ወደ ታች የወረደ፣ ዓለምን ሁሉ የጠላች የምትመስል። በ2012 ተወልዳ በ2019 የሞተችው ይህች ድመት በጠባይዋ ዝምተኛና የዋህ ነበረች፤ ፊቷን ያንን ያስመሰለው በተፈጥሮ ያለ የመንጋጋ አቀማመጥና የአካል ማነስ ነበር። ፐርሺያ የሚባሉትም ድመቶች አፍንጫቸው ተደፍጥጦ የተኮሳተሩ ይመስላሉ፤ ከድመት ዘሮች ሁሉ ግን ረጋ ካሉት ይቆጠራሉ።

የሚያሳዝነኝ የተገላቢጦሹ ነው። ጆሮዎቻቸው ወደ ፊት የታጠፉ፣ ፊታቸው ክብ፣ እንደ አሻንጉሊት የሚያምሩ የስኮትላንድ ድመቶች አሉ። ዘራቸው የተጀመረው በ1961 በአንድ የስኮትላንድ እርሻ ላይ ከተገኘች ድመት ነው። ሰው ሁሉ «እንዴት የዋህ ናት፣ አትዘልም፣ አትሮጥ» ብሎ ይገዛቸዋል። ጆሮን ያጠፈው ያ ዘረ መል ግን በሰውነታቸው ሁሉ ያለውን ልም አጥንት ያበላሻል፤ መገጣጠሚያቸው ያማቸዋል። ያ «የዋህነት» በብዙዎቹ ሕመም ሊሆን ይችላል። ድመት ሕመሟን በጩኸት አትናገርም፤ ዝም ብላ ትቀመጣለች። እናትሽ የፈሯት ኮክ ስትሮጥና ስትከተላቸው፣ እነዚያ ሁሉም የሚወዷቸው ደግሞ እያመማቸው በመስኮት ዳር ይቀመጣሉ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር መልክን አይቶ እንስሳ መምረጥ ምን ያህል ጭካኔ ሊወልድ እንደሚችል ይታየኛል።

የዳላሷን እህትሽን ምክርም ልመልስ። የአቢሲኒያ ድመት በእርግጥ ውብ ናት። እያንዳንዱ ፀጉሯ ደማቅና ደብዛዛ ቀለም እየተፈራረቀበት ስለሚያድግ ስትራመድ የበረሃ ሚዳቋ ትመስላለች። ሲባል የቆየው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ሲመለስ ከወታደሮቹ ጋር ዙላ የምትባል ድመት እንግሊዝ ገባች፣ ዘሩም ከእርሷ ተነሣ የሚል ነው። ዙላ ጦሩ ከመርከብ የወረደበት የቀይ ባሕር ወደብ ስም መሆኑን ታውቂ ይሆናል። በ1871 ለንደን በተደረገው የክሪስታል ፓላስ የድመት ትርዒት ላይም አቢሲኒያዊት የተባለች ድመት ቀርባለች። የኋላ ዘመን የዘረ መል ጥናት ግን የዚህን ዘር መነሻ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻዎችና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው የሚወስደው። ስሙ የእኛ ነው፤ ድመቷ የእኛ ለመሆኗ ግን ማስረጃው ወደ ሌላ ይጠቁማል። ደጋግሜ የማየው ነገር ስለሆነ እንጂ ይህን ያህል ባላስረዘምኩት ነበር፤ ስሟን ብቻ ሰምተው የሚገዟት ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም።

ጠባይዋስ? «ረጋ ያለች ትመስላለች» ያለችው እህትሽ ፎቶግራፍ አይታ ይሆናል። የአቢሲኒያ ድመት ከሁሉም ዘሮች እጅግ ንቁና ቀልጣፋ ከሚባሉት አንዷ ናት። መጋረጃ ላይ ትወጣለች፣ ከቁም ሣጥን ጫፍ ወደ ማቀዝቀዣ አናት ትዘላለች፣ በር መክፈት ትማራለች። ሰው ትወዳለች፤ ጭን ላይ ተቀምጣ ማርፈዱን ግን አትወድም። ብቻዋን ስትተዋት ትጨነቃለች። ለአራስ ቤት፣ ለደከመች እናትና ጸጥታ ለሚሹ አያት ይህችን ማምጣት ምን እንደሚሆን እህትሽ ራሷ ትፍረድ። በመልኳ የተመረጠችው አንዴም አትቀመጥላችሁም፤ በመልኳ የተጠላችው ጭን ላይ ከመቀመጥ ሌላ የምትሻው ነገር የለም።

ጠባይ ታዲያ ከየት ይመጣል ትይኝ ይሆናል። ከፊሉ ከዘር ነው። የፊንላንድ ተመራማሪዎች ወደ ስድስት ሺህ ስለሚጠጉ ድመቶች ከባለቤቶቻቸው መረጃ ሰብስበው በ2019 ባወጡት ጥናት፣ እንደ ቅልጥፍናና ከሰው ጋር መቀራረብ ባሉ ጠባዮች ላይ በግምት ግማሽ ያህሉ ልዩነት ከውርስ የሚመጣ ሆኖ አግኝተውታል። የቀረው ከአስተዳደግ ነው። ግልገሏ ከተወለደች ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ በሰው እጅ ከተዳበሰች ሰው የምትቀርብ ትሆናለች፤ ያ ጊዜ ካመለጠ በኋላ ማላመዱ ይከብዳል። የፀጉሯ መኖርና አለመኖር ግን ሰው ትውደድ አትውደድ የሚነግርሽ ነገር የለም።

እስካሁን ለኮክ ጠበቃ ሆኜ ተናግሬያለሁ። እናትሽ ትክክል የሆኑበት ነገር ግን አለ፤ በዚህ ላይ ከእርሳቸው ጎን ነኝ። ኮክ ሕፃኑ በተኛበት መግባት የለባትም። ክፉ ስለሆነች አይደለም። ሙቀት ስለምትፈልግና ከጋቢ ቀጥሎ በቤቱ ውስጥ የሞቀው ነገር የተኛ ሕፃን ስለሆነ ነው። የሦስት ሳምንት ልጅ ፊቱ ላይ የተጠጋበትን ነገር ገፍቶ ማራቅ አይችልም። ስለዚህ ሕፃኑ የሚተኛበት ክፍል በር ቀንም ሌሊትም ይዘጋ፤ ልጁና ድመቷ ትልቅ ሰው ሳይኖር አንድ ክፍል ውስጥ አይቆዩ። ይህን ደንብ ዛሬውኑ አውጪ፤ ያወጣሽውም እናትሽ ስላሉ መሆኑን በፊታቸው ለባለቤትሽ ተናገሪ። ፍርሃታቸው ግማሹ የሚለቃቸው ያኔ ነው፤ እስካሁን ሰሚ አጥተው ነበርና።

ስትገዣት «ፀጉር ስለሌላት አለርጂ አታመጣም» ተብለሽ ከሆነም አትመኚው። አለርጂ የሚቀሰቅሰው ፕሮቲን ያለው በድመት ምራቅና በቆዳዋ ቅባት ውስጥ ነው፤ ሁለቱም ኮክ አላት። እናትሽ ወይም ልጁ ማስነጠስና ማሳከክ ከጀመራቸው ለሐኪም ይነገር። የምትጸዳዳበትን አሸዋ ባለቤትሽ ይጥረግ፤ ይህ የአራስም የእንግዳም ሥራ አይደለም።

ከዚያ እናትሽን ይዘሽ ኮክን ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰጃት። ስፊንክሶች ለልብ ጡንቻ ሕመም ስለሚጋለጡ ልቧን ማስመርመሩ ለራሷም ይጠቅማታል። ዋናው ነገር ግን እናትሽ በዓይናቸው እንዲያዩ ነው። ሐኪሙ ቆዳዋን እየዳሰሰ ይመርምርላቸው፤ እከክ እንደሌለባት ይንገራቸው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን ወረቀት ያሳያቸው። አንቺ ቃል በቃል ተርጉሚ፤ የራስሽን ሐሳብ አትጨምሪ። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው የሚገድል ነውና ያ ወረቀት ለእርሳቸው ከማንኛችንም ቃል ይበልጣል።

ቤት ውስጥ ለኮክ የራሷ ሙቀት ይኑራት። መኝታ ቤት ካልሆነ ጥግ ላይ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ የተደራረበበት ቅርጫት አዘጋጂላት፤ ለድመት የሚሠራ ማሞቂያ ምንጣፍም አለ። ጥጥ ሹራብ አልብሻት፤ ይህ ለብርዱም ይሆናል፣ ለእናትሽ ዓይንም ይሆናል። ለብሳ ሲያዩዋት እንደሚለዝቡ እገምታለሁ። የእናትሽን ጋቢ ግን አስከብሪላቸው፤ በራቸውን መቆለፋቸውንም አትቃወሚ። «አቅፈሽ ያዣት፣ ዳብሺያት» ብለሽ ፈጽሞ አትጫኛቸው። ባለቤትሽም ድመቷን አንስቶ ወደ እርሳቸው አያቅርብ፤ እየሳቀ ቢያደርገው እንኳ ቀልድ ሆኖ አይሰማቸውም።

ሌላም አለ። ኮክ ፀጉር ስለሌላት የቆዳዋን ቅባት የሚመጥላት የለም፤ በየሳምንቱ መታጠብ ያስፈልጋታል። የምታጥቧት አንቺ ወይም ባለቤትሽ ሁኑ፤ ሳፋዋም ከሕፃኑ ሳፋ የተለየ ይሁን። እናትሽን አንድ ነገር ብቻ ጠይቂያቸው፤ የልጁን ውሃ በክርናቸው ነክተው እንደሚለኩት ይህንንም ይለኩልሽ። ድመቷ ገና ሌላ ክፍል ሳለች ይሁን፤ እርሷን መንካት አይጠበቅባቸውም። «ቀዝቅዟል፣ ትኩስ ጨምሪበት» ካሉሽ ጨምሪበት።